ከአሥራ አራተኛው ቀን ወዲህና ወዲያ



በጥሪው ወረቀት ላይ «የፅንስ ስቴም ሴል ምርምር፤ ፖለቲካዊና ሥነ ምግባራዊ ክርክሩ፣ ለአገራችንም ያለው ትርጉም» የሚል ርእስ ሰፍሯል። ርእሱ ሰፊ ነው፤ ሰዓቱ ጠባብ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ፅንስ በማይክሮስኮፕ በማየት ስለሆነ፣ ወደማውቀው ባደላ አትፍረዱብኝ። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

የእንቁላልና የወንድ ዘር ውሕደት አምስት ቀን ሲሞላው ፅንሱ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሕዋሳት ያሉት፣ በዓይን እምብዛም የማይለይ ኳስ ይሆናል። ከውስጡ የተጠጋጉት ጥቂት ሕዋሳት ገና የሥራ ድርሻ አልያዙም፤ ልብም፣ ነርቭም፣ ቆዳም መሆን ይችላሉ። የፅንስ ስቴም ሴል የሚገኘው ከእነዚህ ነው። በ1998 ጄምስ ቶምሰንና ባልደረቦቹ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ሕዋሳት አውጥተው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ እየተባዙ እንዲኖሩ ማድረግ ቻሉ። ሕዋሳቱ ሲወጡ ግን ፅንሱ ይፈርሳል። ጭቅጭቁ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ጭቅጭቁ ግን ከቶምሰን ይቀድማል። በ1978 ኦልድሃም በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሉዊዝ ብራውን ከማኅፀን ውጭ ከተጀመረ ፅንስ ተወለደች። በዚህ ሳቢያ የአገሩ መንግሥት በ1982 ስለ ፅንስ የሚመክር 16 አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢዋ ሐኪምም ቄስም አልነበሩም። ሰብሳቢዋ ሜሪ ዋርኖክ የፍልስፍና ሰው ነበሩ፤ የልጃገረዶች ትምህርት ቤትም መርተዋል። ርእሰ መምህርነቱ ከፍልስፍናው ይልቅ ሳይጠቅማቸው አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ኮሚቴ ውስጥ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ።

በ1984 የወጣው ሪፖርታቸው በፅንስ ላይ ምርምር ይፈቀድ አለ፤ ከ14 ቀን በኋላ ግን ወንጀል ይሁን። ለምን 14? የኮሚቴው አባል የነበሩት የፅንስ ሊቅ አን ማክላረን ያስረዱት ይህን ነው። በ15ኛው ቀን ግድም በፅንሱ ላይ ቀጭን መስመር ይታያል፤ ራስና እግር፣ ግራና ቀኝ የሚለየው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ፅንስ ለሁለት ተከፍሎ መንታ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሊሆን የሚችለውን «አንድ ሰው» ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

ዋርኖክ ግን ነፍስ የምትገባው በ14ኛው ቀን ነው አላሉም። የእርሳቸው ሐሳብ ተፈጥሮ ወሰኑን አስምራ አልሰጠችንም፣ ስለዚህ እኛው ተመካክረን እናስምር የሚል ነበር። ቀን ደግሞ ማንም ሊቆጥር ይችላል፤ ፖሊስም፣ ዳኛም፣ እናትም። ሦስት የኮሚቴው አባላት በዚህ አልተስማሙም፤ ተቃውሟቸው ከሪፖርቱ ጋር ታትሟል። ፓርላማውም ወዲያው አልተቀበለም። በ1985 ኢኖክ ፓውል ምርምሩን የሚከለክል ረቂቅ ሲያቀርቡ በሁለተኛው ንባብ 238 ለ66 ድጋፍ አገኘ፤ የወደቀው ጊዜ አልቆበት ነው። አምስት ዓመት ከተከራከሩ በኋላ በ1990 የዋርኖክ ሐሳብ ሕግ ሆነ። ከዚያ በኋላ ብዙ አገሮች ያንኑ ቁጥር ወሰዱ።

ይህን ሕግ ለተማሪዎቼ ሳስተምር «ቀለበት የመሰለ ስምምነት» ብዬ አመሰግነው ነበር። አሁንም ግልጽነቱን እወደዋለሁ። ነገር ግን ያን ሁሉ ዘመን ሳይጣስ የኖረው በጨዋነታችን ብቻ አይደለም፤ በላቦራቶሪ ሳህን ውስጥ ፅንስን እስከዚያ ቀን የሚያቆይ አልነበረም። በሬ የማይደርስበትን ማሳ ማጠር ቀላል ነው። በ2016 ግን በኬምብሪጅ የማግዳሌና ዘርኒካ ጎትዝ፣ በኒው ዮርክ ደግሞ የአሊ ብሪቫንሉ ቡድኖች ፅንስን 12ኛና 13ኛው ቀን ላይ አድርሰው፣ ወሰኑን አክብረው አቆሙ። አጥሩ የተፈተነው ያኔ ነው። በ2021 ዓለም አቀፉ የስቴም ሴል ተመራማሪዎች ማኅበር ከ14 ቀን ማለፍን ፈጽሞ ከማይፈቀዱት ተግባራት ዝርዝር አወጣው። ማኅበሩ መቸኮሉን ማለቴ ነው? አዎ፤ መጀመሪያ ሕዝብ መጠየቅ ነበረበት።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ በ2023 መጣ። እስራኤል በሚገኘው ዋይዝማን ተቋም የጃኮብ ሃና ቡድን ያለ እንቁላል፣ ያለ ወንድ ዘር፣ ያለ ማኅፀን፣ ከስቴም ሴል ብቻ የ14 ቀን ፅንስ የሚመስል ነገር አበጀ። ተመራማሪዎቹ ሞዴል ነው ይላሉ፤ ወደ ልጅነትም አያድግም። ይሁን። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ይህ ነገር የተፀነሰበት ቀን የለውም። አንድ ብለን የምንጀምርበት ከሌለ አሥራ አራት ብለን የት እናቆማለን? የዋርኖክ ሕግ ማንም የሚቆጥረው በመሆኑ ተደነቀ፤ አሁን ግን የሚቆጠር ጠፋ። ስለዚህ የሚቀጥለው ሕግ ፅንሱ ስንት ቀን ቆየ ሳይሆን ምን አካል አበጀ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህን ደግሞ ዳኛው በዓይኑ አያየውም፤ የእኛን የባለሙያዎችን ቃል ማመን ሊኖርበት ነው። ክርክሩ ከሥነ ምግባር ወደ እምነት ማጣት የሚሸጋገረው እዚህ ላይ ነው።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡት አባቶች «አርባና ሰማንያስ?» ሊሉኝ እንደሆነ አውቃለሁ። የእኛ አርባና ሰማንያ ክርስትና የሚነሳበት ነው፤ የሚቆጠረው ከልደት ነው። ከፅንስ የሚቆጥሩም አሉ። አሪስጣጣሊስ ለወንድ 40፣ ለሴት 90 ቀን ብሎ ነበር። በአይሁድ ሕግ እስከ 40 ቀን ያለው ፅንስ እንደ ውኃ የሚታይበት አስተያየት አለ፤ ብዙ የእስልምና ሊቃውንት 120 ቀን ይላሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ አይነካ ትላለች። ሃይማኖተኛ ሁሉ ምርምሩን ይቃወማል የሚለው ወሬ እንግዲህ ስሕተት ነው፤ ኢራን ውስጥ ሮያን የተባለው ተቋም የራሱን የፅንስ ስቴም ሴል ያወጣው በ2003 ነው።

ጥያቄው ቤት ድረስም ይገባል። አንድ ባልና ሚስት፣ የአገራችን ልጆች፣ ሁለት ልጆች ከወለዱ በኋላ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዘው ለቀሩት ፅንሶቻቸው በየዓመቱ ይከፍላሉ። «ዶክተር፣ ስንት ልጅ አላችሁ ስንባል ምን እንበል?» አሉኝ። የንስሐ አባታቸውንም አማክረዋል። እሳቸውም ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ለጊዜው ክፈሉ፤ እኔም ልጠይቅ» ብለው አሰናበቷቸው። እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ ወደምንኖርበት አገር፣ ወደ አሜሪካ ፖለቲካ ልሩጥ። እንግሊዝ የተከራከረችው ስለ ድርጊቱ ነው፤ አሜሪካ የተከራከረችው ስለ ገንዘቡ። ከ1996 ጀምሮ ምክር ቤቱ ፅንስ ለሚፈርስበት ምርምር የፌዴራል ገንዘብ አይውልም ይላል፤ በግል ገንዘብ የሚሠራውን ግን አልከለከለም። ነሐሴ 2001 ፕሬዚዳንት ቡሽ ባደረጉት ንግግር ገንዘቡን የፈቀዱት ከዚያ ንግግር በፊት ለወጡ ሕዋሳት ብቻ ነበር። በ2006 ይህን የሚያሰፋውን ሕግ ውድቅ አደረጉ፤ የመጀመሪያ ቬቷቸው ነበር። ፓርቲያቸው ግን አንድ ቃል አልነበረም፤ ናንሲ ሬገንና ሴናተር ኦሪን ሃች ምርምሩን ደግፈዋል። ካሊፎርኒያ በ2004 በሕዝብ ድምፅ 3 ቢሊዮን ዶላር መደበች። በ2009 ኦባማ የቡሽን ገደብ አነሱ። በመሐሉ የጃፓኑ ሺንያ ያማናካ በ2006 የአይጥ፣ በ2007 የሰው ቆዳ ሕዋስን ወደ ስቴም ሴልነት መልሰው ችግሩ አበቃ የሚል ተስፋ አመጡ፤ በ2012 ኖቤል ተሸለሙ። ችግሩ ግን አላበቃም፤ የሃናም ሥራ ማሳያ ነው።

ሕመምተኞችን ሳልጠቅስ ብወርድ ደግሞ ነውር ነው። በ2025 በታተመ ሙከራ ከፅንስ ስቴም ሴል የተሠሩ የቆሽት ሕዋሳት ሙሉ መጠን ከተሰጣቸው 12 የስኳር ሕመምተኞች 10ሩ ከዓመት በኋላ ኢንሱሊን መወጋት አላስፈለጋቸውም። ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ መድኃኒቱን ሰውነታቸው እንዳይጥለው በሽታ የመከላከል አቅማቸውን የሚቀንስ ሌላ መድኃኒትም ይወስዳሉ። ቢሆንም ከ1998ቱ ጀምሮ ሲነገር የቆየው ተስፋ ባዶ አልነበረም።

ለአገራችንስ? አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከማኅፀን ውጭ የማስፀነስ ሕክምና ከተጀመረ ጥቂት ዓመታት ሆነው። ሕክምናው ባለበት የሚተርፍ ፅንስ አለ። ስለዚህ የኮሚቴና የሕግ ጉዳይ ከመድረሱ በፊት አንድ ቅጽ ይቅደም፤ ባልና ሚስቱ ፅንሶቻቸው ከመቀዝቀዛቸው በፊት የሚፈርሙት፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም በሶማሊኛም የተጻፈ። የሚተርፈው ፅንስ ምን ይደረግ፣ ቢፋቱስ፣ አንዱ ቢሞትስ፣ ክፍያው ቢቋረጥስ የሚሉ ጥያቄዎች ይኑሩበት። ለምርምር ይሰጥ የሚለውም ምርጫ ይጻፍ፤ ከሌሎቹ ምርጫዎች አስቀድሞ ግን አይቀመጥ። ስለ ምርምሩ የሚያስረዳቸውም የሚያክማቸው ሐኪም አይሁን። ረቂቁን ይዤ መጥቻለሁ፤ በሻይ ሰዓት ላሳያችሁ።