በቡሌ ብርድ ሰውነት እንዴት ይጸናል?

(ለተማሪዎች ማኅበር የተደረገ ንግግር)



ከዲላ ተነሥቶ ቡሌ የወጣ ሰው ሁሉ ብርዱን ያውቀዋል። ዲላ በሸሚዝ የሚዋልበት የቡና አገር ነው፤ ቡሌ ግን እንሰትና ገብስ የሚበቅልበት ደጋ ስለ ሆነ ጋቢ ያስፈልጋል። ሆኖም በሁለቱም ቦታ ሙቀታችን ቢለካ ከ37 ዲግሪ እምብዛም አይርቅም። ይህን የውስጥ ጽናት አሜሪካዊው ዋልተር ካነን በ1926 እ.ኤ.አ. «ሆሚዮስታሲስ» ብሎ ሰየመው።

የቆዳ ነርቮች ብርዱ ሲሰማቸው ወሬውን ወደ አንጎል ይልካሉ። በነርቩ ርዝመት ወሬው የሚሮጠው በኤሌክትሪክ ነው። አንዱ ነርቭ ከሌላው በሚገናኝበት ስፍራ ግን በዓይን የማይታይ ክፍተት ስላለ መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ በኬሚካል ይሻገራል። ኦቶ ሌቪ በ1921 እ.ኤ.አ. የአንድ እንቁራሪት ልብ የሚያዘገየውን ነርቭ ቀሰቀሰ፤ ልቡም ዘገየ። ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ በሌላ እንቁራሪት ልብ ላይ ቢያደርገው፥ ነርቩ ያልተነካው ሁለተኛው ልብም ዘገየ! መልእክቱ በፈሳሹ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። በኋላ አሴቲልኮሊን መሆኑ ታወቀ።

ወሬው ሃይፖታላመስ ከተባለው የአንጎል ክፍል ሲደርስ፥ ትእዛዝ ይወጣል፤ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፥ ጡንቻዎችም ይንቀጠቀጣሉ። (አረቄ ያሞቃል የምትሉ ወዳጆቻችን፥ አረቄ የጠበቡትን ደም ሥሮች መልሶ ይከፍታል። ፊት ይግላል፤ የውስጡ ሙቀት ግን በቆዳ በኩል ይወጣል።)

ይህን ሁሉ ያነሣነው ስለ ሕፃናት ብለን ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ መሞቅ አይሆንለትም። ያለው በአንገቱ ዙሪያ፥ በትከሻዎቹ መካከልና በኩላሊቶቹ አካባቢ የተቀመጠ ቡናማ ስብ ነው። የነርቮች ጫፎች ኖርአድሬናሊን ሲያፈሱበት ስቡ ነዶ ሙቀት ይሰጣል። ያለ ጊዜው የተወለደ ግን ይህ ስብ እጅግ ያንሰዋል። ደግሞም ሕፃን እርጥብ ሆኖ ይወለዳል፤ እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ ለልምምድ ወደ ቡሌ የምትወጡ የጤና ተማሪዎች ሆይ፥ ሕፃኑ እንደ ተወለደ በደረቅ ጨርቅ ይጥረግ፤ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ይደረግና ጋቢው ከላይ ይልበስባቸው፤ ራሱም ይሸፈን። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃኑ ቢያንስ እስከ 24 ሰዓት ሳይታጠብ እንዲቆይ ይመክራል። አያቶች ቶሎ ይታጠብ ይሉ ይሆናል። ከእነርሱ ጋር አትከራከሩ፤ ቁጭ ብላችሁ የሕፃኑን እግር በእጃቸው አስነኳቸው፥ ቀዝቅዞ እንደ ሆነ እነርሱው ይነግሩአችኋል።