ስለ አሮጌው ድራም መታደስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሙዚቃ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ መስሎ የተሰማን፣ ዛሬ በመድረኩ ላይ የምታዩትን ድራም ማደስ በጀመርንበት ቀን ነው። ድራሙ በዕቃ ቤት ውስጥ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ብዙ ዘመን ተጥሎ ኖሯል። ልባጡ ተሰነጣጥቆ፣ ብረቱ ዝጎ ስላገኘነው፣ አንዳንዶቻችን «ለማገዶ ካልሆነ አይረባም» ብለን ነበር።

ድራሙ አራት ከበሮዎች አሉት፤ እነርሱም በእግር የሚመታው ባስ ድራም፣ ትልቁና ትንሹ ቶም፣ እንዲሁም ስኔር ናቸው። እንደ አገራችን ከበሮ ሁሉ የነዚህም ፊት ቀድሞ ቆዳ ነበር። ቆዳው በእርጥበት ጊዜ እየላላ፣ በድርቅ ጊዜ እየከረረ ያስቸግር ስለ ነበር፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ሬሞ ቤሊ የተባለ አሜሪካዊ ድራም መቺ የፕላስቲክ ፊት የሚሠራ ኩባንያ አቋቋመ፤ ፕላስቲኩም ቀስ በቀስ የቆዳውን ቦታ ያዘ። የእኛ ድራም አካል ግን እንጨት ነው፤ ይኸውም ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው በኮላ ተጣብቀው ክብ የሆኑ ናቸው።

ሥራችንን የጀመርነው በመፍታት ነው። ከመፍታታችንም በፊት የእያንዳንዱን ብረት ቦታ ፎቶግራፍ አነሣን፤ ብሎኖቹንም በየከበሮአቸው ለይተን በየጣሳው አኖርን። አሮጌው ልባጥ ሴሉሎይድ ሲሆን፣ ሴሉሎይድ ደግሞ ፈጥኖ እሳት የሚይዝ ነገር ስለ ሆነ፣ እሳት ሳናስጠጋ ከመጋጠሚያው ጀምረን በትዕግሥት ላጥነው።

ቀጥሎ ወደ ጠርዙ መጣን። የድምፁ ነገር በብዙው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ፊቱ የሚያርፍበት ጠርዝ እኩል ካልሆነ ብሎኑን የቱንም ያህል ብናጠብቅ ድምፁ አይቃናም። ስለዚህ ክፍሉን አጨልመን ከበሮውን በወፍራም መስተዋት ላይ አቆምነው፤ በውስጡም መብራት አስገባን። ብርሃን ሾልኮ የወጣበት ስፍራ ጐድጓዳ መሆኑን አስታወቀን። ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ለጥፈን፣ ከበሮውን በዚያ ላይ እያሽከረከርን ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ ሞረድነው።

ለአዲሱ ልባጥ በክፍል የተማርነው ሒሳብ ረዳን። የባስ ድራሙ ስፋት 22 ኢንች፣ ማለት 56 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ በ3.14 ሲባዛ ዙሪያው 176 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ለመደራረቢያ 3 ሳንቲ ሜትር ጨመርን። ፊቱ ሳይጠብበት እንዲገባም ልባጡን ከጠርዙ ጥቂት ዝቅ አድርገን ቆረጥን። ማስቲሹን በእንጨቱም በልባጡም ላይ ቀብተን፣ መስኮቱን ከፍተን፣ በጣት ሲነካ የማይከተል እስኪሆን ጠበቅን፤ ከዚያም ሦስት ሆነን እየተጫንን አለበስነው። ትንሹ ቶምና ስኔሩም እንዲሁ አማረላቸው።

በመጨረሻው በትልቁ ቶም ላይ ግን ቸኮልን። ሦስቱ ስለ ተሳኩልን አራተኛውን አስቀድመን ምልክት ሳናደርግበት ጠቀለልነው፤ መጋጠሚያው ላይ ስንደርስ አንድ ጣት ያህል ተንጋድዶ አገኘነው። ማስቲሽ አንድ ጊዜ ከነከሰ አይለቅም፤ ለመላጥ ስንታገል ልባጡ ተቀደደ። ያ ልባጥ በወላጆቻችን መዋጮ የተገዛ ነበር፤ ሌላ ለመግዛትም ገንዘብ አልቀረንም። ለመምህራችን ሄደን በሐፍረት በነገርናቸው ጊዜ አልተቈጡም፤ «መዋጮውን ላዋጡት ንገሩ» ብቻ አሉን።

እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ከአራቱ አንዱ ያለ ልብስ የቆመው ስለዚህ ነው። የማስቲሹን ርዝራዥ ፍቀን፣ እንጨቱን አልስልሰን ቫርኒሽ ቀባነው። ፊቱን ገጥመን፣ ብሎኖቹን ትይዩ ለትይዩ እያፈራረቅን ስንወጥረውና ስንመታው ግን ድምፁ ከለበሱት ከወንድሞቹ አላነሰም። የደከምንበት ጠርዝ ከልባጡ ይልቅ ዋጋ እንዳለው ያን ጊዜ በጆሮአችን ሰማን።

ከእኛ በኋላ የምትመጡ ተማሪዎች ገንዘብ ስታገኙ ልታለብሱት ትችላላችሁ። ነገር ግን አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፤ እኛ ግን አፍስሰን ለመልቀም እንኳ አልታደልንም።

አሁን ጓደኞቻችን ይመቱታል፤ ስሙልን።