ባሕሩ ሞልቶ ሳለ፤ በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን ስለ ጎቢ ዓሣ የተደረገ ንግግር



በዚህ የበዓል ቀን ስለ አንድ ትንሽ ዓሣ ልንናገር ስንነሣ አንዳንዶቻችሁ ትስቁ ይሆናል። ዳሩ ግን ትንሽ ፍጥረትም መምህር ይሆናልና ጥቂት ታገሡን።

ይህ ዓሣ ጎቢ ይባላል። የጎቢ ወገን ብዙ ነው፤ እኛ የምንናገረው በሳይንስ ስሙ ባቲጎቢየስ ሶፖራቶር ስለሚባለው፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ አለታማ ዳርቻ ጥልቀት በሌለው ውሃ ሥር ስለሚኖረው ነው። ቁመቱ ከሰው ጣት እምብዛም አይበልጥም። መልኩ ዝንጉርጉር ስለሆነ ከአለቱ ለይቶ ለማየት ያስቸግራል። በሆዱ በኩል ያሉት ሁለት ክንፎቹ ተጋጥመው እንደ ጽዋ ስለሆኑ፣ ሞገድ ሲመታው በእነርሱ ድንጋዩን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል።

ባሕር በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በየቀኑ ይሞላል፤ ይጐድላልም። በጐደለ ጊዜ ጎቢው በአለቱ ጉድጓድ በቀረችው ጥቂት ውሃ ተከቦ ይቀራል። ጠላት ሲመጣበት ዘሎ ወደ ሌላው ጉድጓድ ይገባል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው። የሚያስደንቀው ግን ካለበት ሆኖ የሚዘልበትን ጉድጓድ ማየት አለመቻሉ ነው። ቢስት በደረቅ አለት ላይ ይወድቃል።

ታዲያ እንዴት ያውቃል? «ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል፤ በኒው ዮርክ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ሊቅ የነበሩት ሌስተር አሮንሰን ግን ዓሣ ጐርጉረው ዕውቀት አወጡ። በ1951 እና በ1971 እ.ኤ.አ. የምርመራቸውን ውጤት አሳትመዋል። ሰው ሠራሽ ጉድጓዶች አዘጋጅተው ዓሦቹን በዘንግ እየነካኩ አዘለሏቸው። የውሃውን ሙላት ካላዩት ከ100 15 ያህሉ ብቻ ጉድጓድ አገኙ። ሙላት መጥቶ በጉድጓዶቹ ላይ ከዋኙት ግን ከ100 97ቱ ተሳካላቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ያዩትንም ከ40 ቀን በኋላ አልረሱም። እንግዲህ ጎቢው ባሕሩ ሞልቶ ሳለ የአለቱን አቀማመጥ ያጠናል፤ በጐደለ ጊዜ ባጠናው ይድናል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ መምህር በአጠገባችን፣ መጽሐፍ በእጃችን ያለበት ይህ ዘመን ሙላታችን ነው። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ገሚሶቻችን ወደ ከፍተኛ ትምህርት፣ ገሚሶቻችን ወደ ሥራ እንሄዳለን፤ ሁላችንም የማናየውን ጉድጓድ መዝለላችን አይቀርም። ያን ጊዜ «ቈዩኝ፣ ላጥና» ቢሉ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ከኋላችን ላላችሁ ታናናሾቻችን የምንተውላችሁ ቃል «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» የሚለውን ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። ብዙዎቹ ዓሦች መድረሻ ያጡት ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ ሙላቱ ስላልደረሰላቸው ነው። በየቤታችንም ከብት ሲጠብቁ፣ ውሃ ሲቀዱ ትምህርት ያመለጣቸው ወንድሞችና እኅቶች አሉን። በአእምሮ ከእኛ አያንሱም። እንግዲያስ በመጪው ክረምት ወደ አገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ ሰው ፊደል እናስቈጥር። የተማርን መሆናችን የሚታወቀው ብቻችንን ዘለን በመዳናችን ሳይሆን ውሃውን ላልደረሰው በማድረሳችን ይሁን።