ወደ ደጀ ሰላም የሚያደርሰው የእግር መንገድ



በሆሳዕና ስለ መንገድ መነጋገራችን ተገቢ ነው፤ ከተማዋ የምትጠራበት በዓል ራሱ ልብስና ዘንባባ የተነጠፈበት የመንገድ በዓል ነውና። መጋቢት 5 ቀን ወደ ዝቋላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ከሚሄዱት ምእመናን መካከል መኪና እያለ በእግር መጓዝን የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው። ጸሎታቸው ገና ከቤታቸው ደጃፍ ይጀምራል።

በዱራሜ አጠገብ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በሐምበሪቾ ተራራ 777 ደረጃዎች ተሠርተዋል። መልካም ሥራ ነው። እኛ ግን የምናነሣው ደረጃ ያልተሠራላቸውን፣ በእንሰት ጓሮዎች መካከል እየተጠማዘዙ የሚወጡትን የጥንት የእግር መንገዶች ነው።

በሐዲያና በከምባታ ቁልቁለቶች እግርና ኮቴ የጠቀጠቀው አፈር ውኃ አያሰርግም። ጎርፍ ያንኑ መንገድ ይዞ ይወርዳል፤ በጥቂት ክረምትም መንገዱ ቦረቦር ይሆናል። ያን ጊዜ ተጓዡ የባላገሩን ማሳ ይረግጣል፤ ጠብም ከዚያ ይነሣል። መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም፦ ከላይ እርከን፣ ውኃውን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር ደሾ ሣር።

የሰበካ ጉባኤያት ከክረምቱ በፊት ምእመናኑን ይዘው መንገዳቸውን በእግር እንዲያዩት እንለምናለን። ደሾው የሚተከለው ዝናቡ ሲገባ ነው፤ ቦዩ ግን አስቀድሞ መቆፈር አለበት።