ሥራም እንዳይበደል፣ ቤትም እንዳይጎድል
(ለዕድራችን ጠቅላላ ጉባዔ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ጉዳይ የእያንዳንዳችንን ቤት የሚመለከት ነው። ይኸውም የእንጀራችንን ሥራ፣ የቤተሰባችንን ኃላፊነትና የዕድራችንን ግዴታ እንዴት አድርገን እናስማማቸው የሚለው ነው።

የሠፈራችን ስም እንኳ ከሥራ ጋራ የተያያዘ ነው። ካዛንቺስ የሚለው መጠሪያ የመጣው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ነው። ለብዙ ዘመን የብዙዎቻችን ሥራም ልቅሶም በእግር የሚደረስ ነበር። ጡሩምባ ሲነፋ የሰማ አለቃውን አስፈቅዶ፣ ቀብር ደርሶ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ዳር ሠፈሮች ተዛወሩ። ታዲያ ጡሩምባው እዚያ ድረስ አይሰማ! በስልክ ቢነገርም መንገዱ ቀኑን ይበላል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ይሰጣል። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ ወይም እስከ 2ኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። (የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በራሱ ሕግ ነው።) ስለ ጎረቤት ሞት ግን የተጻፈ ፈቃድ የለም።

ዕድር ማለት ደግሞ ጎረቤት ነው! ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጎረቤቱን ሊቀብር የሚሄድ ሠራተኛ ከዓመት ፈቃዱ ይቀነስበታል፤ ቢቀር ደግሞ እኛው እንቀጣዋለን። ያንን ፈቃድ እኮ ልጁ ሲታመም ሊያስታምምበት አስቀምጦት ይሆናል።

ስለዚህ ጉባዔው የሚከተሉትን እንዲመክርባቸው እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ከባልና ከሚስት አንዱ ቀብር ከደረሰ ቤቱ እንደ ደረሰ ይቆጠር፤ ሌላው ከሕፃናቱ ጋር ይቆይ።

ሁለተኛ፣ በሥራ ቀን መምጣት ያልቻለ ሠራተኛ ማታ ድንኳን በማደር ወይም ቅዳሜና እሑድ በማገልገል ያካክስ እንጂ አይቀጣ።

ሦስተኛ፣ ጡረተኛው ቀን ስለሚውል ብቻ ሸክሙ ሁሉ በእርሱ ላይ አይውደቅ፤ ተራ ይውጣለት።

አራተኛ፣ ሴቶቻችን ከሥራ መልስ ቤታቸውን አሰናድተው፣ እንደገና የልቅሶ ቤት ወጥ ሲሠሩ ያመሻሉ። ውኃ መቅዳቱ፣ ዕቃ ማጠቡ፣ ንፍሮ መቀቀሉስ ለወንድ ምን ይከብደዋል?

ደንብ የተሠራው ለሰው ነው። አባሉ ከሥራው ቢባረር ወይም ትዳሩ ቢናጋ መዋጮውንም ሰውየውንም እናጣለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ሸክሙን እንከፋፈለው።