በዱቤ የምንወስደው ቅባት

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በአባል የቀረበ ንግግር)



«በየወሩ አንድ አባል የምታውቀውን ለሌሎች ታካፍል» ብለን ስንወስን፣ የእኔ ተራ ሲደርስ ስለ ሒሳብ አያያዝ እንደምናገር ያልጠረጠረ አልነበረም። አንዷ እህታችን በር ላይ አግኝታኝ «ዛሬ ደግሞ ስለ ደረሰኝ ልትነዘንዢን ነው አይደል?» ብላኛለች። ስለ ደረሰኝ ሌላ ቀን እነዘንዛችኋለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ቆዳችን ነው፤ በየቀኑ በገዛ እጃችን ስለምናደርስበት ጉዳት። ሐኪም አይደለሁም። ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ የሽያጭ ደብተር ነው፤ የጤናውን ነገር ያስረዳችኝ ደግሞ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ዘመዴ ናት።

እንደምታውቁት ከብድር ሣጥናችን ወስደው የሚነግዱ አባላት ደብተራቸውን በየሦስት ወሩ ያሳዩኛል። በርበሬና ሽሮ የምታዘጋጅ አለች፣ የልጆች ልብስ የምትሸጥ አለች፣ መዋቢያ የምትሸጥም አለች። መዋቢያ የምትሸጠው እህታችን እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች። የምናገረውን አስቀድሜ ነግሬያታለሁ፤ «ተናገሪ፣ እኔም መስማት እፈልጋለሁ» ብላኛለች። ይህን የምለው ከጀርባዋ ያማኋት እንዳይመስላችሁ ነው።

በደብተሯ ላይ አንድ ቅባት ዓይኔን ያዘው። ባለ 30 ግራም ቱቦ ነው። ሻምፑና ሎሽን የገዛች ሰው ለሁለት ለሦስት ወር ተመልሳ አትመጣም። ይህ ቱቦ ግን በየወሩ ለእነዚያው ሰዎች፣ ሁለት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት እየሆነ፣ አብዛኛውም በዱቤ ይወጣል። ደብተሩ የያዘውን 8 ወር ሙሉ እንደዚያው ነው። በእኛ ሥራ እንዲህ ሳያዛንፍ የሚደጋገም ቁጥር ከታየ ምክንያቱ ይጠየቃል። አንዱን ቱቦ ተቀብዬ ለዘመዴ ወስጄ አሳየኋት። ስሙን ስታነብ ፊቷ ተለወጠ። ክሎቤታሶል ነው።

ክሎቤታሶል መዋቢያ አይደለም። መድኃኒት ነው፤ ስቴሮይድ ከሚባሉት የቆዳ ቅባቶች ውስጥ በጉልበቱ ከመጨረሻው እርከን የሚመደብ። ሐኪም ለጠና ችፌና ለመሳሰሉት አስቸጋሪ የቆዳ ሕመሞች ያዝዘዋል። ሲያዝም በተከታታይ ከ2 ሳምንት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ፊት ላይም እንዳይቀባ አስጠንቅቆ ነው።

እስቲ አሁን የለመድኩትን ሥራ ልሥራ። ከቱቦው ወጥቶ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚደርስ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ይመዝናል። ፊትና አንገትን ለማዳረስ የዚህ ሁለት እጥፍ ተኩል ይበቃል፤ ይህም 1.25 ግራም ነው። ጠዋትና ማታ ሲሆን 2.5 ግራም። ባለ 30 ግራሙ ቱቦ እንግዲህ በ12 ቀን ያልቃል ማለት ነው። በወር ሁለት ቱቦ ተኩል። ደብተሩ ላይ አንዴ ሁለት፣ አንዴ ሦስት የሆነውም ለዚህ ነው። ይህን ስሌት ስጨርስ እርሳሴን አስቀመጥኩ። እህቶቻችን አንዲት ጠባሳ ላይ ጠብ አድርገው የሚተዉት አይደለም፤ ሙሉ ፊታቸውን በቀን ሁለት ጊዜ ያለ ዕረፍት ይቀቡታል። ለ2 ሳምንት እንኳ ፊት ላይ ያልተፈቀደውን 8 ወር!

«ታዲያ ለምን ያምራል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያምራል። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ቅባቱ የቆዳን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያጠባቸዋል፣ ማሳከክንና መቅላትን ያጠፋል፣ የቆዳን ቀለም የሚያመርቱትን ሕዋሳትም ሥራ ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ፊት ይፈካል፣ ይለሰልሳል፤ ጎረቤትም «ምን ተቀብተሽ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ወራት ሲቆጠሩ ግን ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል። ከሥሩ ያሉት ቀያይ ሥሮች ጎልተው ይታያሉ። በዕድሜያችን ሳንጠብቀው ብጉር ይወጣል፣ አገጭና ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል። ለመተው ስንሞክር ደግሞ ፊት ይቃጠላል፣ ይቀላል፣ ያብጣል። ያን ጊዜ ሴትየዋ «ቅባቱን ስተው ነው የታመምኩት» ብላ ሌላ ቱቦ ትወስዳለች። አንድ ስም በዱቤ ደብተሩ ላይ ከገባ የማይወጣው ለዚህ ነው። በአራጣ እንደ መበደር ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ላይ እጅሽ ይሞላል።

ከዚህ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር አለ። ቱቦውን መዋዋሳችን ነው። አንዷን ከረዳት ለሁሉም እናዳርሰዋለን። «ለእኔ ችፌዬን አጥፍቶልኛል፣ ላንቺም ይሆናል» እንባባላለን። ጭርት ላይ የቀባችው አለች። ጭርት ፈንገስ ነው፤ ስቴሮይድ ሲቀባ መቅላቱና ማሳከኩ ለጊዜው ይጠፋል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር እየሰፋ ይሄዳል፤ መልኩም ስለሚለወጥ በኋላ ለሐኪምም ለመለየት ያስቸግራል። ይባስ ብሎ ለሕፃን የሽንት ጨርቅ ቁስለት የቀባች እናት እንዳለች ሰምቻለሁ። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፣ ያሰርነው ጨርቅም ቅባቱን አፍኖ ወደ ውስጥ ይነዳዋል። መድኃኒቱ ወደ ደም ገብቶ ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ሆርሞን ሊያስተጓጉል፣ የልጁንም ዕድገት ሊጎዳ ይችላል። እባካችሁ፣ ከምናገረው ሁሉ ሌላው ቢረሳችሁ ይህን ለሚያጠቡ እናቶች ንገሩልኝ።

ፈዘዝ ያለ፣ ስትነኩት የማይሰማ ጠፍር ሰውነታችሁ ላይ ካያችሁ ደግሞ ምንም አትቀቡበት፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሥጋ ደዌ አንዱ ምልክት ይኸው ነው። በሽታው ዛሬ በኪኒን የሚድን ነው፤ ቶሎ ከተጀመረ የአካል ጉዳት ሳያደርስ ያልፋል። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በዚህ በሽታ ሕክምና የተጀመረ ነው፤ ዛሬም ለማንኛውም ዓይነት የቆዳ ሕመም የሚኬድበት ቦታ ነው። «አለርት ታየች እንዳልባል» ብላችሁ የምታፍሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ብጉርም ማድያትም ይዞ እዚያ የሚሰለፈው ሰው ብዙ ነው።

ቱቦው ቢያንስ ስም አለው። ስም የሌለውስ? በሻንጣ የሚመጣ፣ በላዩ ላይ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት፣ አንዳንዱም ቤት ውስጥ ተደባልቆ በትንንሽ ዕቃ የሚሸጥ «ማንጫ» አለ። በዓለም ገበያ ከሚዞሩት የቆዳ ማፍኪያ ክሬሞችና ሳሙናዎች ውስጥ ሜርኩሪ የተገኘባቸው ብዙ ናቸው። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። የሚቀባውን ሰው ብቻም አይደለም፤ በፎጣና በትራስ ጨርቅ ወደ ልጆች ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በጃፓን የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ከ1 ኪሎ ግራም ውስጥ ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና ከአገር አገር እንዳይዘዋወሩ ያዘዘው በከንቱ አይደለም። ሃይድሮኪኖን የሚባለው ሌላው ማፍኪያ ደግሞ ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ያልታሰበ ነገር ያመጣል፤ ጉንጭና ግንባር ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ይተዋል፣ እሱም በቀላሉ አይለቅም። ለመፍካት የተገዛው ያጠቁራል ማለት ነው።

ስለ መፍካቱ አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሙኝ። ሕፃን ሲወለድ «ቀይ ናት?» ብለን የምንጠይቀው እኛው ነን። ሙሽራ ለሠርጓ ሦስት ወር ሲቀራት «ፊትሽን ያዢ እንጂ» የምንላትም እኛው ነን። ጠይም በዘፈን ስትወደስ ሰምታ ያደገች ልጅ ቤቷ ስትገባ ሌላ ነገር ትሰማለች። ነጋዴዋ እህታችን ይህን ገበያ አልፈጠረችውም፤ ተፈጥሮ ጠበቃት።

የቀሩትን ልማዶች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ሎሚ ፊት ላይ አሽቶ ፀሐይ ላይ መውጣት አንዱ ነው። የሎሚ ጭማቂ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ለወራት የማይለቅ ጥቁር እድፍም ይተዋል። ፀሐይ ራሷም ቀላል አይደለችም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ አይታወቀንም እንጂ ማድያትን ከሚያባብሱት ነገሮች አንዷ ይህች ፀሐይ ናት። ማድያት ያለባችሁ፣ ከቅባቱ በፊት ጃንጥላ ያዙ፤ ነጠላችሁንም ወደ ግንባራችሁ ሳብ አድርጉት።

በረኪና በባዶ እጅ የምታጥቡ ደግሞ እጃችሁን ተመልከቱ። ቆዳውን የሚጠብቀውን የተፈጥሮ ቅባት ገፎ ይወስደዋል፤ ከዚያ መሰንጠቅ፣ ከዚያ ችፌ ይከተላል። የላስቲክ ጓንት ግዙ፤ ካጠባችሁ በኋላ እጃችሁ ሳይደርቅ ቫዝሊን ቀቡት። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጭስ ሳንባን ይጎዳል። ብርድ ሲሆን የከሰል ምድጃ አጠገብ እግራችሁን ዘርግታችሁ የምትቀመጡም እንዲሁ፤ ሙቀቱ ሲደጋገም እግር ላይ መረብ የመሰለ ጥቁረት ያወጣል። ራቅ ብሎ መሞቅ ይቻላል። ቡናው እንደሆነ አይሸሽም።

አሁን ወደ ቱቦው ልመለስ። ለወራት ስትቀቡት የቆያችሁ ዛሬ ማታ ወርውራችሁ ጉዳዩን ጨርሰናል አትበሉ። የምትቀቡትን ቱቦ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ለስንት ወር፣ በቀን ስንቴ እንደተቀባችሁ ሳትደብቁ ተናገሩ። ሐኪሙ ወደ ቀለል ያለ ቅባት አውርዶ ቀስ በቀስ ሊያስተዋችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ፊታችሁ ለሳምንታት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ሊቆጣ ይችላል። በዚያ ሰሞን አንዷ «አመድ መሰልሽ» ስትላችሁ ልባችሁ ወደ ደብተሩ እንዳይመለስ። እኛም በዚያ ሰሞን አፋችንን ብንይዝ ትልቅ እርዳታ ነው።

የመጨረሻው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ይህን ሳልናገር ብቀመጥ ሥራዬን አልሠራሁም። ያ ቅባት የተገዛው በማኅበራችን ብድር ነው። የሁላችንም ቁጠባ አለበት፤ የዱቤው ወለድም ዞሮ ወደ ሣጥናችን ይገባል። እህታችን በዚህ ንግድ ሦስት ልጆች ታስተምራለች። አሁን እጇ ላይ 40 ያልተሸጠ ቱቦ አለ፤ ከብድሯም ያልከፈለችው ግማሽ ያህል ይቀራል። «ከነገ ጀምሮ አትሽጪ» ማለት ለእኛ ቀላል ነው፤ ኪሳራውን ለብቻዋ ካሸከምናት ግን በሚቀጥለው ጊዜ ማንም ደብተሩን በእውነት አያሳየኝም።

ስለዚህ ለብድር ኮሚቴው ሦስት ነገር አቅርቤአለሁ፣ ዛሬ እንድትወያዩበት። የእሷ የመክፈያ ጊዜ በ6 ወር ይራዘም፤ የእነዚያ 40 ቱቦዎች መግዣም ከወለድ ነፃ ይሁን። በምትኩ ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን፣ ጓንትና ጃንጥላ ብታመጣ ገበያው እዚሁ ተቀምጧል። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ በብድራችን የሚገዛ ማንኛውም ቅባት ምን እንዳለበት የተጻፈበት ይሁን፤ በማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ደግሞ ጨርሶ አይገዛበት። ሦስተኛ፣ ለዚህ ቅባት ዱቤ ያለባችሁ አባላት ዕዳችሁን ክፈሉ። አዎ፣ ክፈሉ! ፊታችሁን ቢጎዳም ገንዘቡ የእሷ የልጆች ትምህርት ቤት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ዘመዴ እዚህ ጽሕፈት ቤታችን ትመጣለች። ቤታችሁ ያለውን ቱቦ፣ ሳሙና፣ ስም የሌለውን ዕቃም ሳይቀር ይዛችሁ ኑ፤ የተጻፈውን ታነብላችኋለች፣ ያልተጻፈበትን ለይታ ታስቀምጣለች። ስም አይመዘገብም። ፀሐፊዋ እንኳ ያን ቀን ዕረፍት ናት።