በማንኪያ ላይ የቀረች ጠብታ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ የመድኃኒት ባለሙያዎች ስለ መጠን ስንናገር ዘወትር የምናስበው ታማሚው ስለሚውጠው ነው። እኔ ግን ዛሬ ማንም ሳያዝዘው በቤት ዕቃ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀረው መድኃኒት ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

ለብዙዎቹ መድኃኒቶች ይህ ቅሪት ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመዘነው በመጠን ነውና። ፔኒሲሊንና የቅርብ ዘመዶቹ ግን ለማይስማማቸው ሰው ሕጉ ሌላ ነው። የዓለም የምግብና የጤና ድርጅቶች የጋራ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1990 ጉዳዩን መርምሮ፣ ከ40 ማይክሮ ግራም ባነሰ መጠን ሽፍታና ማሳከክን የመሰለ መቆጣት የደረሰባቸው ሰዎች መኖራቸውን ተረድቶ፣ ከምግብ ጋር የሚገባው ፔኒሲሊን በቀን ከ30 ማይክሮ ግራም በታች እንዲሆን መክሯል።

ይህን ቁጥር ወደ ማጀት እንውሰደው። በአምስት ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም የሚይዘው የልጆች አሞክሲሲሊን ከማንኪያ ላይ አንዲት ጠብታ ቢቀር፣ ጠብታዋ ሁለት ሚሊ ግራም ተኩል ገደማ ትይዛለች፤ ይኸውም ከዚያ ወሰን ከሰማንያ እጥፍ በላይ ነው።

በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ፣ ውሃ በጄሪካን ተቀድቶ በሚመጣበት ቤት ማንኪያን ደጋግሞ ማለቅለቅ ቀላል ወጪ አይደለም። ኪኒን በቡና ሙቀጫ ሲደቅ ዱቄቱ በእንጨቱ ስንጥቅ ይቀራል፤ ባዶው ብልቃጥም የዘይት መያዣ ይሆናል።

ሌላው መንገድ ወተት ነው። ከሚኤሶ ቆላ ወደ ከተሞቹ ለሚሄደው ወተት ከብቶቹና ግመሎቹ ሲታመሙ ፔኒሲሊን የሚወጉ ከሆነ፣ ወተታቸው በመድኃኒቱ መለያ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ መሸጥ አይገባውም። ማፍላት ጀርምን ይገድላል እንጂ ፔኒሲሊንን አያጠፋም፤ ጮጮውን ማጠንም እንደዚሁ።

ይህን ስል ሽፍታ ሁሉ ከፔኒሲሊን ነው ማለቴ አይደለም። በሌላ አገር በተደረገ ምርመራ፣ ፔኒሲሊን አይስማማንም ከሚሉት አብዛኞቹ መድኃኒቱን ያለ ችግር መውሰድ እንደሚችሉ ታውቋል። ያለ ማስረጃ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ታማሚውን ርካሽና ፍቱን መድኃኒት ያሳጣዋል። ስለዚህ አንዲት እናት «ምንም መድኃኒት አልወሰድኩም» ብላ ሽፍታዋን ስታሳየን፣ ቃሏን ሳንጠራጠር ሌላ ጥያቄ እናክል፤ በቤቱ መድኃኒት የሚወስድ ማን ነው? በየትኛው ማንኪያ? ወተቱስ ከየት መጣ?

ስናድልም መለኪያውን አብረን እንስጥ፤ ከሌሎች ዕቃዎች ተለይቶ እንዲቀመጥ፣ ብልቃጡም ለምግብ እንዳይውል በሚገባቸው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ እንንገራቸው። የእንስሳት መድኃኒት የምንሸጥም ወተቱ የሚታቀብበትን ቀን በቃል ሳንነግር ገንዘብ አንቀበል። ለዚህ ሁሉ የሚጠየቀው ከመስኮቱ ዘንድ ሁለት ደቂቃ መቆየት ብቻ ነው።